የፊቢ ሁለት እምቢታዎች

ፊቢ ትባላለች። ዕድሜዋ አስራ አንድ ነው። ቤቷ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ ኮረብታ ላይ ያለ፣ ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። አባቷ እዚያ ሒሳብ ያስተምራል፤ እሷም እዚያው ትማራለች፣ እዚያው ላም ታልባለች፣ እዚያው ድስት ታጥባለች። በዚያ ትምህርት ቤት ድስት የማያጥብ የለም፤ ርእሰ መምህሩም ተራው ሲደርስ እጅጌውን ይሰበስባል። ልጆቹ አስተማሪዎቻቸውን በስማቸው ነው የሚጠሩት፤ አንተ፣ አንቺ ይሏቸዋል። እናንተ ግን ቤታችሁ ሄዳችሁ እንዳትሞክሩት፤ በኋላ የምወቀሰው እኔ ነኝ።

እዚያ ነገር በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። ትልቁም ትንሹም አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባል፣ መጀመሪያ ዝም ይባላል፣ ከዚያ ይነጋገራሉ። ሁሉም እስኪስማማ ይጠበቃል። አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ «ልቤ አልተቀበለውም» ካለ ነገሩ ይቆማል። ስለዚህ ይህን ቃል ማንም በዋዛ አይናገረውም። ፊቢ ግን ተናገረችው።

ከኮረብታው በታች ዋልተር የሚባል ልጅ ይኖር ነበር። የፊቢ ሰዎች እሑድ ሲጸልዩ አይዘምሩም፣ አይሰብኩም፤ በዝምታ ይቀመጣሉ። ዋልተር ደግሞ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ «ዱዳዎቹ መጡ! እስቲ አንዳችሁ ተንፍሱ!» ይላቸዋል። አንድ ቀንማ ጥጆቻቸውን ከበረት ለቀቀባቸው። ስሙ ሲነሣ የፊቢ ደም ይፈላ ነበር።

በኅዳር የነዋልተር ቤት ተቃጠለ። እናቱ፣ እሱና ትንሿ እኅቱ አይቪ አጎታቸው ትራክተር በሚያቆምበት የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ማደር ጀመሩ። ትምህርት ቤቱ ከፖም ዛፎቹ አጠገብ ምድጃ ያላት ትንሽ የእንጨት ቤት ነበረችው። ፊቢና ጓደኞቿ ቢጫ ቀለም ቀብተው ይጫወቱባት ነበር። ብርዱ እስኪያልፍ ለነዋልተር ትሰጥ ተባለ። ስብሰባውን የሚመራው ኦርሰን የሚባል የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ነው።

«ሁላችንም ተስማማን?» አለ።

ፊቢ ተነሣች። «ልቤ አልተቀበለውም።»

«እንግዲያው እንጠብቃለን» አለ ኦርሰን። በቃ፣ ነገሩ ቆመ። ፊቢ ደስ አላት። ልጆች፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ነው ደስ ያላት።

«አንድ ሰው እኮ ነሽ» አለቻት ጓደኛዋ እስቴል ከስብሰባው ሲወጡ።

«አንድ ይበቃል» አለች ፊቢ።

ማታ ከአስተማሪዋ ከማርጀሪ ጋር ድስት የማጠብ ተራዋ ነበር።

«ልትቆጪኝ ነው አይደል?» አለቻት ፊቢ፤ ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር።

«አይ። ያንን ክዳን አቀብዪኝ።» ማርጀሪ ክዳኑን አለቅልቃ አስቀመጠች። «ልብሽ ነው ያልተቀበለው፣ ወይስ አንቺ ነሽ?»

«ያው ነው።»

«ያው ከሆነ ጥሩ» አለች ማርጀሪ፤ ወደሚቀጥለው ድስት ዞረች። ፊቢ ብትቆጣኝ ይሻል ነበር ብላ ተናደደች።

ቅዳሜ ብርድ ልብስ እንድታደርስ ወደ መጋዘኑ ተላከች። አይቪ ካልሲ እጇ ላይ አጥልቃ ትራክተሩ ሥር ተቀምጣ፣ ጉንፋን ይዟት ትስላለች። ዋልተር በር ላይ ቆሟል።

«ዱዳዋ መጣች» አለ፤ ግን እንደ ድሮው አልጮኸም። «ቢጫዋን ቤት ትሰጡናላችሁ ተብሎ ነበር። አንድ ሰው እምቢ አለ አሉ። ማነው?»

ፊቢ አላውቅም ልትል ትችል ነበር። ውሸት ደግሞ በሰዎቿ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። አገጯን ቀና አደረገች።

«እኔ ነኝ።»

«ዱዳ ስላልኳችሁ?»

«አዎ። ስለ ጥጆቹም።»

ዋልተር ዞሮ እኅቱን አየ። «እንግዲያው እኔን ተዪኝ፤ እዚሁ ትራክተሩ ጋ አድራለሁ። እማዬንና አይቪን አስገቢያቸው።» አልለመናትም፤ አፍጥጦ ነበር የሚያያት። ፊቢ ብርድ ልብሱን አስቀምጣ ሄደች። ያን ቀን እራት አልበላ አላት፤ በራሷ አፈረች።

በሚቀጥለው ስብሰባ ገና ዝምታው ሳያልቅ ተነሣች። «ልቤ አልተቀበለውም ያልኩት ውሸት ነው። ቂም ነበር። አይቪ በኔ ምክንያት ብርድ ላይ ናት። ይቅር በሉኝ።»

ልጆች፣ ታሪኩ እዚህ ያለቀ መሰላችሁ? አላለቀም። ዋልተር የለቀቃቸውን ጥጆች ለመመለስ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ የዋለው ተማሪ ሃይረም እጁን አነሣ።

«እናትየዋና ትንሿ ይግቡ። ዋልተር ግን አጎቱ ጋ ይቅር። ራሱም እዚያው አድራለሁ ብሏል አሉ።»

ብዙዎች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ቀላል መፍትሔ ነበር፤ ሁሉም ደክሞታል።

ፊቢ እንደገና ተነሣች። «ልቤ አልተቀበለውም።»

«ደግሞ ጀመራት» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ተሰማ።

ኦርሰን ግን አልሳቀም። «ፊቢ፣ አሁንስ ልብሽ ነው ወይስ ቂም?»

ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «ባታምኑኝ እውነታችሁን ነው፤ ቃሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ግን ካስገባን ሦስቱንም ነው። አንዱን ልጅ መጋዘን ውስጥ ትተን እዚህ ተቀምጠን አንጸልይም። እኔም አልቀመጥም።»

አልተቀመጠችም። እስቴል ቀሚሷን ጎተት ብታደርጋትም ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ ሃይረም አቀርቅሮ «እኔም እኮ ቂም ነው የያዝኩት» አለ። ያኔ ኦርሰን ጠየቀ፤ አንድም ሰው አልተቃወመም።

ሦስቱም በማግሥቱ ገቡ። እሑድ ዋልተር ከእናቱ ጋር ለጸሎት መጥቶ ከፊቢ ጀርባ ተቀመጠ። ሲቁነጠነጥ፣ ሲያዛጋ፣ ጣቶቹን ሲያንቋቋ ቆይቶ ወጣ።

«እንዴት ነው የምትችሉት?» አላት በር ላይ። «ዝም ማለት ይከብዳል።»

«መናገሩ ይብሳል» አለች ፊቢ።

እናንተም ልጆቼ፣ እምቢታችሁን ለቂም አታውሉት፤ ሰው ሲበደል ግን ብቻችሁን ብትቀሩ፣ ቢሳቅባችሁም፣ እምቢ ብላችሁ ቁሙ።