ከዙፋኑ ሥር

የከተማውን ፍሳሽ ጠርጎ የሚያወጣው የደርባል ወንዝ ሽቅብ የፈሰሰ ዕለት ሟርተኞች «ዘውድ ሊወድቅ ነው» አሉ። ዘውዱ አልወደቀም፤ የወደቀው ሕዝቡ ነው። የከተማው ፍሳሽ ወደ ውሃ ጉድጓዶች ተመልሶ ወረርሽኝ አስገባ፤ የወጣቷ ግንበኛ የማዕዶት እናትም አልጋ ያዘች። ማዕዶት መቀመጥም መቆምም አቃታት። እጮኛዋን ድንጋይ ጠራቢውን ጎርባን አስከትላ ከንጉሥ ዘርኤልም ፊት ቀረበች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሺህ ዓመት ይንገሡ! አባቶቻችን ‹ከንጉሥ እግር ሥር እድፍ አይለፍ› ብለው የደርባልን ቦይ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ አጠማዘዙት፤ ዞሮ ዞሮ ደለል ሞላውና ዳገት ገጠመው። ውሃ ሹመት አያውቅም፤ ቁልቁለት ካጣ ይመለሳል። ከዙፋንዎ ሥር ቀጥ አድርጌ ልቅደደው!»

መኳንንቱ አጉረመረሙ። ንጉሡ ግን ልጃቸውን በወረርሽኙ የቀበሩ ሰው ነበሩ።

«ከዙፋናችን ሥር ጋርሙት አለ፤ ቤተ መንግሥቱን በጀርባው የተሸከመ አውሬ ነው። ቢሆንም ሂጂ።»

«መሠረቱ ቢናጋ አንገቴን ይውሰዱ!» ብላ ማለች።

ሁለቱ ቆፍረው ቆፍረው ጋርሙት ዘንድ ደረሱ። ጎርባ ለክፉ ቀን የያዘውን ጦር ቢያነሣ አውሬው ዓይኑን እንኳ አልገለጠም።

«ደክሞኛል» አለ። «የሚተካኝ ሥሩልኝና ልሂድ።»

ማዕዶት በጡብ ቅስት ልትተካው ጀመረች። ከኋላቸው የታቆረው ፍሳሽ፣ ሥራው እስኪያልቅ ያገቱበትን ግድብ ይገፋል። የእናቷ ትንፋሽ በጆሮዋ እየመጣ እጇን ያስቸኩለዋል።

«ቀስ በይ እንጂ» ይላታል ጎርባ፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

የቅስቱ መዝጊያ ጡብ ብቻ ሲቀር አውሬው አልታገሠም። ሸርተት ብሎ ወደ ምድር ሆድ ገባ። ቤተ መንግሥቱ አቃሰተ፤ ግድቡም ተሰነጠቀ። ጎርባ ዘልሎ ትከሻውን ከቅስቱ ሥር አስገባ።

«ጎርባ፣ ውጣ!» አለች ማዕዶት ከመወጣጫው ላይ ሆና።

«ከወጣሁ ሁሉም ይናዳል። ጡቡን አስገቢ! ወደ እኔ አትይ!»

አየችው እንጂ። እያየችው፣ እያለቀሰች ጡቡን መታ መታ አድርጋ አስገባች። ቅስቱ ጸና። ግድቡን ጥሶ የመጣው ጎርፍም ጎርባን ጠርጎ ወሰደው።

ወንዙ በቁልቁለቱ ሄደ፤ ውሎ አድሮ ጉድጓዶቹ ጠሩ። መለከት ተነፋ፤ ንጉሡ ከሰገነታቸው ወርደው ለግንበኛዋ እጅ ነሡ። እሷ ግን እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏት ምስጋናውን ሳታስጨርስ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርምና እናቷ የሆነውን አልሰማችም ነበር። ቀና ብላ ማዕዶት በጣሳ የቀዳችላትን ጥርት ያለ ውሃ ጠጣች፤ ግማሹን አስቀርታም ጣሳውን ለልጇ ዘረጋች።

«ይሄን ለጎርባ ስጪው። ሲቆፍር ውሎ ጠምቶት ይሆናል።»

ማዕዶት ጣሳውን ተቀብላ ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ ግን አላወቀችም።