ያልተበሳው ክፍል

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ... ሐሙስ ጠዋት፣ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ዮርዳኖስ አገር፣ ዐቃባ ባሕር ውስጥ። ጨለማ ነበር እንዳትሉኝ፣ ፀሐይ ወጥታለች።

ዘይዱን እባላለሁ። ሥራዬ ብረት መቁረጥ ነው።

አሮጌ መርከብ ሆን ብለን እናሰጥማለን። ዓሣ ቤት ያገኛል፣ ኮራል የሚባለው ሕይወት ያለው የባሕር ድንጋይ ይበቅልባታል፤ ጠላቂው ሁሉ እሷን ለማየት ስለሚሄድ የተፈጥሮው ኮራል ትንሽ ያርፋል።

ከመስጠሟ በፊት የየክፍሉን ጣሪያ እንበሳለን፣ አየሩ እንዲወጣ። ከዚያ ክፍሉ ለመበሳቱ ማስረጃ የበሩ መቃን ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል።

እኔ አንዱን ክፍል ሳልበሳ ምልክት አደረግሁበት።

ሙቀቱ አይጣል ነበር፣ ምሳም ደርሷል። ታች ያለች ጠባብ ዕቃ ቤት ናት፣ ማን ያያታል ብዬ... ገብቼ እንኳ አላየኋትም።

ከሰዓት መርከቧ ሰጠመች።

በዚያው ቀን፣ አብሮን የሚሠራው የእህቴ ባል ሸቢብ ጠፋ።

"ሳዑዲ ሄዶ ነው" ተባለ። ከእህቴ ከሩደይና ጋር ተጣልተው ስለነበር እሷም አመነች። "ይደውላል፣ እህቴ" አልኳት።

ግን ሸቢብ ምሳ ሰዓት ላይ ጥላ ፈልጎ ሸለብ ማድረግ ይወድ ነበር...

ወር ከምናምን አለፈ። አልደወለም። እኔም እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ አቡ ሰኸርን ለመንኳቸው። መርከቧ ላይ የሰፈረውን ዓሣ የሚቆጥሩ ሽማግሌ ጠላቂ ናቸው። ያን ሐሙስ ጠዋት በጀልባቸው ወሰዱኝ።

ስንደርስ ከሥር አረፋ ይወጣል። ቡልቅ... ቡልቅ... ታች ግን ማንም ጠላቂ አልነበረም።

"ምንድን ነው?"

"ብረት ነው። ይተነፍሳል።" ዓይኔን አላዩኝም።

"አቡ ሰኸር፣ በአላህ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።"



"ሌላው ክፍል በዓሣ ሠርግ ቤት መስሏል። የታችኛዋ ዕቃ ቤት በር ላይ ሲደርሱ ግን ዓሦቹ ይመለሳሉ።"

"ሌላስ?"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "በመጀመሪያው ሳምንት ሲንኳኳ ሰምቻለሁ። ጠጋ ስል ይቆማል።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"አንተስ ለምን አልበሳህም?"

ክው አልኩ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም!

የአየር ጋን አዝዬ፣ የመጥለቂያ ጭንብሌን አጥልቄ ወረድኩ። ሽማግሌው ጀልባው ላይ ቀሩ።

ሃያ ሜትር። ዓሣው መርከቧን ወርሯታል። ጨቅላ ኮራል የመርከቧ መደገፊያ ብረት ላይ መብቀል ጀምሯል።

ዕቃ ቤቷ ደጃፍ ላይ ግን... ምንም። መቃኑ ንጹሕ ነው፣ ተወልውሎ የተተወ ይመስላል።

ፈራሁ። ግን ለእህቴ ስል ገባሁ።

በባትሪ ወለሉን አየሁ። ማዕዘኑን አየሁ። ሰው የለም። አጥንት የለም።

አልሐምዱሊላህ! ጭንብሌ ውስጥ አለቀስኩ። አልገደልኩትም። ሸቢብ ሳዑዲ ነው።

ከዚያ ቀና አልኩ።

ጣሪያው ሥር አየር ቀርቷል። ቀስ ብዬ ወጣሁ... አንገቴ ከውሃው በላይ ሆነ... ጭንብሌን ገለጥ አደረግሁ።

የሳሙና ሽታ።

ባትሪውን አዞርኩ።

ጣሪያው ሥር ባለ ቧንቧ ላይ የሸቢብ ሰማያዊ ሸሚዝ ተሰቅሏል። ታጥቦ፣ ተጨምቆ፣ እጅጌው ተስተካክሎ።

የሳሙናው አረፋ ገና ከላዩ አልጠፋም...