ከውሃ የወጣው ስልክ

ጀልበኛው ቡርሀን ሰኞ ማለዳ ሞቶ ተገኘ። ዓሣ አጥማጆች ያወጡት ከራሱ ጀልባ ማቆሚያ ሥር ነው፤ ግራ እግሩ በአሮጌ መረብ ተተብትቦ ነበር። ጣና ዳር ተወልዶ፣ ጣና ዳር አድጎ፣ ከመራመዱ በፊት ዋና ቻለ የሚባልለት ሰው እደጁ ላይ ሰጠመ! ወሬኛ ደግሞ መቼ አርፎ ይቀመጣል? ቀብሩ ሳያልቅ «ራሱን ነው የጣለ» የሚለው ሹክሹክታ ከሚስቱ ከሐፍሳ ጆሮ ደረሰ።

ሐፍሳ አላስተባበለችም። እሑድ ጠዋት እንፍራንዝ ወስዶ የታመመች እናቷን ሊያሳያት ቃል ገብቶላት ነበር። ተሳፋሪ ተገኘ ብሎ ቃሉን ሲያጥፍ ንዴቷ አናቷ ላይ ወጣ። «አንተ እኮ ያገባኸው ሐይቁን ነው፤ እዚያው ቅር!» ብላ በሩን በላዩ ላይ ዘጋችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሰውየውም እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ እህል በአፏ አልዞረም።

ኢንስፔክተር ባንቺአየሁ ማክሰኞ መጡ። አምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ፣ ዓይናቸው ግን አንድ ቦታ የማያርፍ ሴት ናቸው። ከለቀስተኛው ለይተው ሐፍሳን ወደ ጓዳ ወሰዷትና ከጀልባው የተገኘውን ዕቃ አንድ በአንድ ዘረጉላት፤ የታጠፈ ሸሚዝ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ስልክ፣ አንድ ሽርጥ።

«ልጄ፣ ገላውን ሊታጠብ ሲገባ ምን ይለብሳል?»

«ሽርጡን ያገለድማል። ሱሪውን አርሶ አያውቅም።»

«ሱሪውን እንደ ታጠቀ ነው የተገኘው። ሽርጡ ደግሞ ይኸው፣ ጠብታ አልነካውም።»

«ምን ይመራመራሉ?» አለች ሐፍሳ፤ እንባዋ ቀደማት። «እኔ ነኝ የገደልሁት። እዚያው ቅር አልሁት!»

ኢንስፔክተሯ የተናገረችውን ሁሉ እስክትጨርስ ሰሟት።

«አይ እቴ! ራሱን የሚጥል ሰው ስልኬ ይረጥብብኛል ብሎ በፌስታል ይጠቀልላል? ሊመለስ ነው የገባው። ለምን እንደ ገባ ነው ያላወቅሁት። ቢላዋውስ የት ነበር የሚቀመጠው?»

«ከሞተሩ ሥር፣ በአፎቱ።»

«እኔ ያገኘሁት ከማቆሚያው ሳንቃ ጫፍ ላይ ነው። ከአፎቱ ወጥቶ፣ እጀታው ወደ ውሃው ዞሮ።»

ሐፍሳ ነገሩ አልገባትም። ኢንስፔክተሯም አላብራሩላትም።

ካሚልን አስጠሩት። የቡርሀን ታላቅ ወንድም ነው፤ ከሟች ጋር ከተኳረፈ ወር እንዳለፈው ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

«መረቡ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለ ካሚል አንገቱን ደፍቶ። «ያረጀ ነው። አውጣው፣ ሰው ይጠልፋል ብሎ ስንት ጊዜ ለመነኝ! በእሱም ነው የተኳረፍነው። ዛሬ ነገ ስል… ወላሂ፣ በገዛ እጄ ነው የቀበርሁት።»

«እሑድ ማታ የት ነበርህ?»

«መስጊድ፤ መግሪብ ስሰግድ።»

«ይጣራል» አሉት ባጭሩ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት እንግዶች ለቅሶ ደረሱ። እሑድ ከቡርሀን ጋር ዘጌ ደርሰው ሲመሽ የተመለሱት የመጨረሻ ተሳፋሪዎች ናቸው። ወንጌላዊትና አስማማው ይባላሉ፤ ሥራቸው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ወንጌላዊት ገና ከበር ታለቅሳለች። አስማማው ግን እንደ ተቀመጠ አላለቀሰም፣ የቀረበለትንም ውሃ አልነካም። ኢንስፔክተሯ ሐፍሳን አስከትለው ከአጠገባቸው ተቀመጡ።

«ስትለያዩ ደኅና ነበር?»

«ደኅና ነበር፤ እየሳቀ!» አለች ወንጌላዊት። «ማዕበል ረጭቶኝ ስልኬ ሲረጥብ እንኳ ‹እህቴ አይዞሽ፣ ጣና የነካው አይበላሽም› ብሎ ቀልዶብኛል። ቤት ስደርስ ሩዝ ውስጥ ቀበርኩት፤ ተረፈ።»

«ከማቆሚያው አብራችሁ ወጣችሁ?»

«እኔ ባጃጅ ልይዝ ቀደምኩ። አስማማው ዘገየብኝ፤ ብደውል ብደውል ጥሪ አይቀበልም ይለኛል።»

«ባትሪ ጨርሼ ነዋ!» አለ አስማማው ፈጠን ብሎ። «ሽንት ቤት ፈልጌ ነው የዘገየሁ።»

«የምትኖረው የት ነው ልጄ?»

«ዓባይ ማዶ። ብቻዬን ነው የተከራየሁ።»

«ታዲያ ማን ይጋግርልሃል?» አሉት፣ በእጁ የያዘውን ስልክ አየት አድርገው።

ሰው በለቅሶ ቤት ይህን ይጠይቃል? ሐፍሳ ተገረመች።

«ኧረ ከሱቅ ነው የምገዛ። ቤቴ ዱቄት የሚባል የለም።»

«እስቲ ለአንዲት ጥሪ ስልክህን አውሰኝ። የኔው ሞቶብኛል።»

ሰጣቸው። ኢንስፔክተሯ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞረው የስልኩን የቻርጅ ቀዳዳ ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ደወሉ፤ አጭር ነገር ተናገሩ፤ አመስግነው መለሱለት።

ረቡዕ ጠዋት ሁሉም በሐፍሳ ግቢ ተሰበሰቡ። ከግቢው ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል። ካሚል ከአጥሩ ሥር ቆመ፤ ወንጌላዊትና አስማማው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሐፍሳ ከደጃፉ ቆመች። ዛሬ ወይ ከዚያች ክፉ ቃሏ ትፈታለች፣ ወይም ዕድሜ ልኳን ተሸክማት ትኖራለች።

«ቡርሀን ራሱን አልጣለም» ብለው ጀመሩ ኢንስፔክተሯ። «ስልኩን ከእርጥበት ጠብቆ፣ ሸሚዙን አጥፎ ነው የገባው። ሊታጠብም አልገባም፤ ሽርጡ ደረቅ ነው። ሱሪውን እንደ ታጠቀ የገባው ለአፍታ ነው፤ አንድ ነገር አንስቶ ሊወጣ። እግሩን መረብ ያዘው። ቢላዋው ከጀልባው ወጥቶ ሳንቃው ላይ ተገኘ። ከውሃ ውስጥ ያለ ሰው አላወጣውም። እጀታውስ ለምን ወደ ውሃው ዞረ?»

ካሚል ቀና አለ። «ለሰው ሲያቀብሉት ነዋ! ስለቱን ወደ ራስ አድርገው ነው።»

«እንግዲያስ ሊያቀብለው የመጣ ሰው ነበር፤ ብቻ ተቀባዩ አልደረሰለትም። አንተ እንዳልሆንህ መስጊድ ያየህ ሁሉ ነግሮኛል። የቀሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።» ወደ ወንጌላዊት ዞሩ። «አንቺ ስልኬ ረጥቧል ብለሽ ራስሽ ተናገርሽ። የባጃጁ ሾፌርም ስልክሽን አይቶታል፤ ስትደውዪበት ነበር። ሐይቅ ግርጌ የወረደ ስልክ እንዲያ አይደውልም። አስማማው፣ ያንተ ግን የቻርጅ ቀዳዳው ውስጥ የሐይቅ ጭቃ አለ። በጭቃው ላይ ደግሞ ጤፍ ተጣብቋል።»

አስማማው እጁ ወደ ኪሱ ሄደ።

«ዱቄት እቤቱ የሌለው፣ የማይጋግር ሰው ጤፍ ከየት አመጣ? አከራይህን ጠየቅኋት። እሑድ ማታ ከጆንያዋ ጤፍ ለምነሃታል፤ ስልክህን ልታደርቅበት። ሩዝ ቢኖርህ ኖሮ ፍሬው ከቀዳዳው አይገባም ነበር፤ እኔም ባልያዝሁህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ልጄ። ተናገር።»

አስማማው ከአግዳሚው ወርዶ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ለወንጌላዊት ልደውል ስል ስልኩ ከእጄ አምልጦ ውሃው ገባ። ሳልለምነው ነው የገባ። አወጣልኝ፤ ሰጠኝ። ‹እግሬን መረብ ያዘኝ፣ ከሞተሩ ሥር ቢላዋዬን አቀብለኝ› አለኝ። ውሃው አገጩ ላይ ነበር። ‹እሺ፣ ቆየኝ› አልሁት። የረጠበ ስልክ ቶሎ ካላጠፉት ይቃጠላል ሲባል ሰምቻለሁና አጠፋሁት። ሲሙን አወጣሁ። በሸሚዜ ጠረግሁት፣ አራገፍሁት። ደግሞ ጠራኝ፤ ‹መጣሁ› አልሁት፣ ፊቴን ሳላዞር። ቢላዋውን ይዤ ስመለስ ማዕበሉ ሳንቃውን ይመታል፤ እሱ የለም። ዋና አልችልም። ፈራሁ፤ ቢላዋውን ሳንቃው ላይ ትቼ ሄድሁ።»

«ለምን አልጮህህም?» ካሚል ዘለለበት፤ ኢንስፔክተሯ በክንዳቸው ከለከሉት።

«ሲጠራህ ምን አለ?» አለች ሐፍሳ። «ቃሉን ሳታጓድል ንገረኝ።»

አስማማው ሊያያት አልደፈረም።

«እየሳቀ ነበር፤ እንዲያ የከፋ አልመሰለኝም። ‹ወንድሜ ቶሎ በል፤ ሚስቴን አስቀይሜያታለሁ። ነገ በጠዋት እንፍራንዝ እወስዳታለሁ፤ ገብቼ ልንገራት› አለኝ።»

ሐፍሳ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሦስት ቀን ሙሉ የለመነችው እፎይታ መጣላት፤ ሲመጣ ግን አንጀቷን ቆረጠው። ሊታረቃት እየመጣ ነበር። ካሚል ወደ አጥሩ ተመልሶ እንደ ሕፃን ያለቅሳል፤ ወንጌላዊት «እኔ ባልቸኩል ኖሮ» ትላለች፤ የሚሰማት የለም።

ኢንስፔክተሯ አስማማውን አስነሥተው ሊሄዱ ሲሉ ሐፍሳ ከፊቱ ቆመች።

«ስልኩስ?» አለችው። «ዳነ?»

አስማማው ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«ዳነ» አላት።