እናቷ ያላለችው

«ምን አለች?» ጠየቀች እናቷ፣ ፈገግታዋን ከፊቷ ሳታወርድ።

ሚጣ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችውን ኃላፊ አየቻት። ወደዚህ አገር ከመጡ ወዲህ ክሊኒክም ሆነ አከራያቸው ዘንድ የእናቷ አፍና ጆሮ እሷ ነች። ዛሬም ከክፍል ቀርታ፣ እናቷ ሥራ ልትጠይቅ በመጣችበት ሆቴል፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አጠገብ ባለች ጠባብ ቢሮ ተቀምጣለች። ራሷን ያማታል። ሳሙና ሳሙና የሚሸተው ሙቀት ደግሞ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል።

«የታዘዝሽው ነገር ካልገባሽ ምን ታደርጊያለሽ ነው የምትለው።»

እናቷ ቀና ብላ ተቀመጠች። «ማንንም ሳላስቸግር እንደምንም እወጣዋለሁ በያት። እኔ ሰው አላስቸግርም።»

ሚጣ ምላሷን ነከሰች። ትምህርት ቤት ስለ ሥራ ሲማሩ ይኸው ጥያቄ ተነስቶ ነበር፤ እዚህ የሚወደደው መልስ የእናቷ ተቃራኒ ነው። ኃላፊዋ ሴትዮ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶዋ መታ መታ እያደረገች ትጠብቃለች።

«ካልገባኝ እጠይቃለሁ ብላለች» አለች ሚጣ በአገሩ ቋንቋ።

የኃላፊዋ ፊት ፈታ አለ። «ጎሽ! እንደሱ ያለ ሰው ነው የምፈልገው። በይ ስትሠራ እንያት። አንቺ ግን እዚሁ ቆዪ፤ የምቀጥረው አንድ ሰው ነው።»

ሚጣ በቢሮው መስታወት ታያቸዋለች። ኃላፊዋ አንሶላ የሚተኩሰውን ትልቅ ማሽን እያሳየች ቶሎ ቶሎ ታወራለች። እናቷ በየቃሉ ራሷን ትነቀንቃለች። ይህን መነቅነቅ ሚጣ ታውቀዋለች። አንዴ ብቻዋን ክሊኒክ ሄዳ እንዲሁ ስትነቀንቅ ቆይታ፣ አወሳሰዱን የማታውቀው መድኃኒት ይዛ ነው የተመለሰችው።

ኃላፊዋ ወደ ሌላኛው ጥግ ሄደች። እናቷ አንሶላውን አስገባች፤ ተጣሞ ገባና ተጨማደደ። ልትጎትተው እጇን ወደሚሽከረከረው ብረት ሰደደች።

ሚጣ ዘላ ተነስታ መስታወቱን ደበደበች። እናቷ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። ሚጣ በሩን ከፈተች።

«እማዬ፣ ጥሪያት! ያቃጥልሻል!»

«ምን ብዬ? ገና ሳልቀጠር አላውቅም ልበል?»

«እጠይቃለሁ ብለሻል እኮ።»

«መቼ?»

«እኔ ነኝ ያልኩልሽ። ያንቺ መልስ አይነፋም ነበር፣ እማዬ፤ አትቀጥርሽም።»

እናቷ አፍጥጣ አየቻት። «ያላልኩትን? ሐኪሙ ጋስ እንደዚሁ ነው የምታደርጊው?»

«አንዳንዴ» አለች ሚጣ አንገቷን ደፍታ። «ሲደክመኝ አሳጥረዋለሁ።»

ሚጣ ቁጣ ጠበቀች። እናቷ ግን ላቧን በክንዷ ጠረገችና ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ እጇን አወጣች።

«ይቅርታ» አለች፣ ልጇ ፊት ለመናገር ሁሌ በምታፍርበት ቋንቋ። «እንደገና። አሳዪኝ።»

ኃላፊዋ ተመልሳ መጣች። መጀመሪያ ማሽኑን አቆመች። ከዚያ አንሶላው በሁለት እጅ ተወጥሮ እንዴት እንደሚገባ፣ ማቆሚያው የቱ እንደሆነ፣ አሁን በቀስታ አሳየቻት። ሚጣ በሩን ዘግታ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ልትረዳት እግሯ እየተቁነጠነጠ፣ ተቀመጠች።

በመጨረሻ ኃላፊዋ ወደ ቢሮው ተመልሳ «እጇ ገና ነው» አለች። «ግን ጠየቀች። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ለሙከራ ትግባ።»

ሚጣ ለእናቷ አንድም ቃል ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ ነገረቻት።

«እጄ ገና ነው አለች?»

«አዎ፣ እንደዛ ነው ያለችው።»

«እውነቷን ነው» አለች እናቷ፤ ሳቅ አመለጣት።

ወጥተው አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ቆሙ። የእናቷ ጣቶች በሙቀቱ ቀልተዋል።

«ነገ በጠዋት ነው አይደል የምንመጣው?» አለች።

ለሚጣ እሺ ማለት ቀላል ነበር።

«እኔ ነገ ትምህርት ቤት ነኝ፣ እማዬ።»

አውቶቡሱ ሲመጣ እናቷ ቀድማት ወጣችና የሚወርዱበትን ቦታ ለሹፌሩ ራሷ ነገረችው። አልሰማትም። ዞር ብላ ልጇን አየቻት። ሚጣ ከኋላዋ ዝም ብላ ቆመች።

እናቷ ጉሮሮዋን ጠርጋ ደገመችለት።