ከጉንግላ በር የጠፋው ድንች

ጋልዘን ከመሰላሉ ሥር፣ በበቅሎዎቹ ገለባ ላይ፣ አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። መሰላሉ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ ጋልዘን ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሲወጣበትና ሲወርድበት ኖሯል። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የሪፉክ መንደር ሰው ከገዳሙ ጸሎት ወርዶ ደጁ ላይ ቆመ፤ ያለቀሰ ግን አልነበረም። ባለፈው ዓመት ለወጣቱ ሚንጉር ያለቀስነው ሳይወጣልን ቀርቶ ይሁን አይታወቅም፣ ሁላችንም ደንዝዘን ነበር።

ኢንስፔክተር ፉቲ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሰች። ከሸለቆው ማዶ የተወለደች፣ አጭርና ዝምተኛ ሴት ናት። ሬሳውን አየች፤ መሰላሉን በእጇ ነቅንቃ አልነቃነቅ ሲላት ወደ ላይኛው ቤት ወጣች። ከበሩ ኋላ አዲስ ቅባት የጠጣ የተራራ ጫማ ቆሟል። እሱንም ጎንበስ ብላ ነካችው፤ ከዚያ ምንጣፉ አጠገብ ቁጭ አለች።

ጋልዘን መንገድ ቀያሽ ነበር። ከውጭ የሚመጡ ተጓዦች በየትኞቹ መንደሮች እንደሚያልፉና የት የት እንደሚያድሩ የሚያቅደው በካርታ አልነበረም። ምንጣፍ ላይ ድንጋይ ይደረድራል፤ ድንጋዩ መንደር ነው። በየድንጋዩ ላይ የሚቀመጠው ድንች ደግሞ አንድ አዳር ነው። ተጓዦቹ ከሦስት ቀን በኋላ ይደርሳሉ ተብሎ፣ ትናንት ከቀትር በፊት መንገዱን ደርድሮ ለሁሉም አሳይቶ ነበር።

«ስንት አዳር ነበር?» ብላ ጠየቀች ፉቲ።

«ዘጠኝ» አለ ኡርጌን። በታችኛው መንደር በታንግሞ የእንግዳ ማደሪያ አለው። «ስምንቱ በየመንደሩ፣ አንዱ ጉንግላ በር ሥር በድንኳን። የእኔን ታንግሞን እንደሌለች ቆጥሮ ዘለላት!»

«ተናደዱ?»

«ታዲያ ልሳቅ? ቤቴን ቀለም ቀብቼ፣ ፍራሽ አሰጥቼ ስጠብቅ! ቢሆንም ኢንስፔክተር፣ እኔ በድንች ምክንያት ሰው የምገድል እመስላለሁ?»

ፉቲ ወደ ምንጣፉ ዞረች። ድንቾቹን ቆጠረች፤ ስምንት ናቸው። ጉንግላ በር የሚባለው ከፍተኛው ማለፊያ በነጭ ድንጋይ ተወክሏል፤ በላዩ ላይ ምንም የለም።

ቀጥላ የጠራችው ካርካን ነው። ካርካ የበቅሎ ነጂ ነው፤ ቆላ ተወልዶ ያደገ፣ ሃያ ዓመት አብሮን ሲኖር ሻያችንን መልመድ ያቃተው ሰው።

«ጸሎቱ ላይ ነበሩ?»

«ነበርኩ። መሃል ላይ መስክ የለቀቅኳቸውን በቅሎዎቼን ለማየት ወጣሁ። ኡርጌንም ትንባሆውን ሊያጨስ ወጥቷል። እትዬ ያንግዞምም ለመብራቱ ቅቤ ላምጣ ብላ ወጥታለች። ከእኛ መሃል ያልተነሳች ልጇ ላሙ ብቻ ናት፤ መነኮሳቱ መሃል ተቀምጣ እንዴት ትነሳ?»

ያንግዞም አብራው የምትኖር የሟቹ እህት ናት፤ ላሙ የያንግዞም ልጅ። ላሙ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ተጓዥ ትመራለች። ሚንጉር ወንድሟ ነበር።

«ጉንግላ በር ከመንገዱ ቢወጣ ማን ይደሰታል?» አለች ፉቲ።

«ሁላችንም። ኡርጌን እንግዳ ያገኛል፤ በቅሎዎቼ በሩን ስለማይወጡት እኔም ዙሪያውን መሄድ ይቀርልኛል።» ካርካ ኮፍያውን አውልቆ እጁ ላይ አሽከረከረው። «ስለዚያ በር ጋሼ ጋልዘን ትናንት ጠዋት የነገረኝ ነገር አለ።»

በጆሮዋ ነገራት። ፉቲ ከበሩ ኋላ ወዳለው ጫማ ዞር ብላ አየች።

«ይህን ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም። ማታ ሻይ ላይ ለሁሉም ሊናገር ነበር።»

የሟቹ ጎረቤት ዲኪ የሻይ ማድጋዋን ታቅፋ ገባች። ትናንት ሰዎቹ ከገዳም ሲመለሱ የሚጠጡትን ሻይ ለማሰናዳት ቀድማ የመጣችው እሷ ናት።

«በየት ገባሽ?»

«በጣሪያው በኩል፤ ቤቴ እኮ ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ወደ ታች አላየሁም፤ ባይ ኖሮ እጮህ ነበር።» ዲኪ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ግን አስደንግጦኛል። መደርደሪያው ላይ የጋሼ ጋልዘን ስኒ በአፉ ተደፍቶ አገኘሁት።»

«ከዚያስ?»

«‹ምን ዓይነቱ ባለጌ ነው!› ብዬ አቀናሁት። ለሞተ ሰው ይደፋል፣ ለመንገደኛ በሰላም ይመለስ ተብሎ ተሞልቶ ይቀመጣል። ሕፃን ያውቀዋል እኮ! በቁሙ ሰው ይሟረትበታል?»

«ሬሳው የተገኘው ካቀናሽው በኋላ ነው?»

«ሻዩ ፈልቶ ነበር፤ ያኔ ነው ካርካ ከታች የጮኸው።»

ያንግዞም ምድጃው አጠገብ ገብስ ትቆላ ነበር። ፉቲ ስትጠጋት ቀና አላለችም።

«ልጅዎ ሚንጉር ጉንግላ ላይ ነው የሞተው?»

«አዎ።»

«መንገዱን ያወጣው ወንድምዎ ነበር?»

«ሁሉንም መንገድ የሚያወጣው እሱ ነው።»

«ተቀይመውት ነበር?»

«ሚንጉርን በረዶው ወሰደው። በረዶ ይቀየሙታል?» ገብሱ እያረረ ነበር፤ ያንግዞም ግን ሽታው አልደረሳትም። ብረት ምጣዱን ከእሳቱ ያወረደችው ፉቲ ናት።

ከሰዓት በኋላ ፉቲ ሁሉንም ምንጣፉ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ዲኪ ሻይ ቀዳች፤ የጠጣ የለም።

«መሰላሉ ደህና ነው» አለች ፉቲ። «አርጅቶ ወደቀ ብዬ እንዳልሄድ የከለከለኝ ስኒው ነው። ዲኪ ተደፍቶ ስታገኘው ጋልዘን መሞቱን የሰማ ሰው አልነበረም። የደፋው ሰው ግን ያውቅ ነበር። ሬሳውን አይቶ፣ ሳይጮህ ወደዚህ ክፍል ተመልሶ ወጥቷል።»

ኡርጌን ወደ ካርካ ዞረ። «ሬሳውን አገኘሁ ያልከው አንተ አይደለህ?»

«ካርካ አይደለም» አለች ፉቲ። «የእሱ አገር ሰው ስኒ አይደፋም። እሱ ቢገድል ሊሸሽ ወይም ሊጮህ ይችላል፤ ለሟች ሥርዓት ለማድረስ ግን ወደዚህ አይወጣም።»

«እንግዲያው እኔ ቀረሁ ማለት ነዋ!» አለ ኡርጌን፤ ሊስቅ ሞክሮ አቃተው።

«እርስዎን ከጥርጣሬ ያወጣዎት ድንቹ ነው። የደፋው ሰው በዚያው ከጉንግላ በር ላይ ድንቹን አንስቷል። እርስዎ ቢሆኑ ድንቹን ታንግሞ ላይ ሳያስቀምጡ አይወጡም ነበር። ይህ ሰው ግን አዳሩ የትም ቢሄድ ግድ የለውም። በሩ ብቻ እንዲጠፋለት ነው የፈለገው።»

ላሙ እናቷን አየቻት።

«ዲኪ ደፍታው ቢሆን ኖሮ አቅንታ አትነግረኝም ነበር፤ ላሙም ከመነኮሳቱ መሃል አልተነሳችም» አለች ፉቲ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «እትዬ ያንግዞም፣ ድንቹ የት ነው?»

ያንግዞም እጇን ከመቀነቷ ውስጥ ከታ ድንቹን አወጣች። ከትናንት ጀምሮ ተሸክማው ስለዋለች ልጣጩ ረግቧል።

«በሩን አንሳልኝ አልኩት» አለች፤ የትናንቱን የአየር ሁኔታ የምትናገር ትመስላለች። «ሚንጉር ሲሞት ዳግመኛ በዚያ በኩል መንገድ አላወጣም ብሎ ምሎልኝ ነበር። ‹ተጓዦቹ የሚመጡት በሩን ብለው ነው፤ ማታ እንነጋገራለን› አለኝ። ማታ ምን አለ? እኔ የቀረችኝ አንዲት ልጅ ናት። ሊወርድ አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አድርጎ ነበር። ገፋሁት። ያን ጊዜም ምንም አልተሰማኝ፤ አሁንም አይሰማኝም፣ ልጄ።»

«ስኒውንስ ለምን ደፉት?»

ያንግዞም ጥያቄው የገረማት መሰለች። «ሞቷል እኮ። ወንድሜ ነው፤ ማን ይድፋለት ታዲያ?»

ፉቲ ተነስታ ጫማውን ከበሩ ኋላ አመጣችና ምንጣፉ ላይ፣ ነጩ ድንጋይ አጠገብ አቆመችው። «ካርካ፣ የነገሩኝን ይድገሙት።»

ካርካ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። «‹በሩን ተጓዦቹን ይዤ ራሴ እሻገራለሁ፤ ላሙን አንተ በታች በኩል ውሰዳት› አለኝ። ‹በዚያ በር የእህቴ ልጅ ዳግመኛ አይረግጥም› ነው ያለው። እርስዎ ቀድመው ከሰሙ በዚህ ዕድሜህ ብለው ጫማዬን ይደብቁብኛል ብሎ ነው ማታ ድረስ የቆየው፣ እትዬ።»

ያንግዞም ጫማውን አየችው። ስፌቱ መሃል ቅባቱ ገና አልደረቀም። ጣቷን አስጠግታ ሳትነካው መለሰችው።

ከፉቲ ጋር የመጡት ሁለት ፖሊሶች ከታች ሲጣሩ ያንግዞም ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች። ከመውረዷ በፊት ወደ መደርደሪያው ሄደች። የራሷን ስኒ አነሳችና በልብሷ ጫፍ ወልውላ፣ በአፉ ደፍታ አስቀመጠችው። ማንም የከለከላት የለም። ፉቲ እንኳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እናቷ መሰላሉን ወርዳ ስታበቃ ላሙ ከተቀመጠችበት ተነሳች። እናቷ ትታው የወረደችውን ድንች አንስታ ታንግሞ ላይ አኖረችው፤ ኡርጌን ደስ ሊለው ሲገባ አንገቱን አቀረቀረ። ከዚያ ላሙ መደርደሪያው ጋ ሄደች። የእናቷን ስኒ አቀናችው። ከዲኪ እጅ ማድጋውን ተቀብላ ስኒውን በሻይ እስከ አፉ ሞላችውና ክዳኑን ከደነችበት።