የጌታቸው ልጅ ያመጣችው ብርጭቆ

ምንይችልን ያወቅሁት በጠብ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ መካነ ኢየሱስ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ የጠርሙስ ካርቶኔን በእግሩ ገፋው።

«የሚሳፈረው ሰው ነው ወይስ ዕቃ?» አለ፤ ይቅርታ እንኳ አልጠየቀም።

«ዕቃውማ ዝም ብሎ ተቀምጧል» አልሁት።

እስክንወርድ ድረስ አልተነጋገርንም። ግን መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ካርቶኑን በጉልበቱ ደግፎ ይይዝልኛል፤ ሳየው ደግሞ ዓይኑን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ይሄም አናደደኝ።

በማግስቱ የገበሬዎች ዩኒየን አዳራሽ ስገባ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ለካ ዋና ሥራ አስኪያጁ እሱ ኖሯል። ከኋላው ከእስቴ፣ ከስማዳና ከጋይንት የተሰበሰቡ ስምንት ሥራ አስኪያጆች አሉ። እኔ ደግሞ በሦስት ቀን የባዮቴክኖሎጂን ሀሁ ላስተምራቸው ከባሕር ዳር ተልኬያለሁ። ስሜን ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ፤ ምሥራቅ ጌታቸው።

«የየትኛው ጌታቸው?» አለ ምንይችል።

«የድንቹ ጌታቸው።»

ስምንቱም እርስ በርስ ተያዩ። አባቴ የግብርና ባለሙያ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ለገበሬው ምርጥ የድንች ዘር አከፋፈለ፤ በዚያው ክረምት አጠውልግ የሚሉት በሽታ ገባና ማሳው ሁሉ ረገፈ። «በሽታውን ያመጣው ጌታቸው ነው» ብለው መጀመሪያ ያወሩት የምንይችል አባት፣ የታወቁት ዘር ሻጭ አቶ ንጋቱ ናቸው። አባቴን ከጽዋ ማኅበሩ አስወጡት። እዚሁ ከተማ እየኖረ ሰላም የሚለው ሰው አጣ። እኔ የመጣሁት ለአበል አይደለም፤ የአባቴን ስም ላስመልስ ነው።

«ባዮቴክኖሎጂ ማለት ሕይወት ባለው ነገር መሥራት ነው» ብዬ ጀመርሁ። «ሊጥ ላይ እርሾ የምትጥል ሴት ሁሉ ጀምራዋለች። በዚህ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ችግኝ ከጤነኛ ድንች ጫፍ ተቆርጦ በንጹሕ ምግብ ላይ ያደገ ነው። ከአንዱ ሺህ ይወጣል፤ በሽታም የለበትም።»

«አባትሽም እንዲሁ ነበር ያለን» አለ ምንይችል።

ሳቁ። ደሜ ፈላ።

«አንተ ሥራ አስኪያጅ ነህ ወይስ የአባትህ አፍ?» አልሁት። አሁን የሳቀ የለም።

በሁለተኛው ቀን ሌሎቹ ሲወጡ እሱ ቀረ። ሳልጠይቀው ለሙከራ ያመጣኋቸውን ብርጭቆዎች ማጠብ ጀመረ።

«በሽታው የሚተላለፈው በዘር ነው በውሃ?» አለ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

«በሁለቱም።»

የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። «ትናንት ያልሁት ልክ አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን አልህ?»

«ስታዪኝ ቃል ይጠፋብኛል። አፌ ላይ የመጣውን ተናገርሁ።»

እንዳልስቅ ፊቴን አዞርሁ። እግዜር ያሳያችሁ፤ ከዚህ ሁሉ ሰው መርጬ የንጋቱን ልጅ ወደድሁ። በራሴ ተናደድሁ፤ ግን ወደድሁት።

ለሦስተኛው ቀን የቻለ ሰው የድንች ግንድ ይዞ እንዲመጣ አዝዤ ነበር። ግንዱ ተቆርጦ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲንጠለጠል፣ በሽታው ካለበት ወተት የመሰለ ነጭ ክር ይወርዳል፤ ከሌለበት ውሃው እንደጠራ ይቀራል። ምንይችል ከአባቱ የዘር ማሳ ነቅሎ መጣ።

«ይህን ማሳ የሌላ ሰው ዘር ነክቶት አያውቅም» ብሎ በገዛ እጁ አንጠለጠለው።

ጥቂት ደቂቃ ቆየ። ነጩ ክር ወረደ።

«ብርጭቆው ቆሽሾ ይሆናል» አለ የስማዳው ተስፋሁን። ምንይችል ሌላ ብርጭቆ ራሱ አጥቦ፣ ሌላ ግንድ ቆርጦ አንጠለጠለ። ያም ወረደ። የሌሎቹ ውሃ እንደጠራ ነው።

«የአባቴ ዘር እዚያ ማሳ ገብቷል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አልገባም።»

«ታዲያ?»

«ጎርፍ ያመጣው ይሆናል» ቢል ሁሉም ያምነው ነበር። ይህንኑ ሊል ነው ብዬ አስቀድሜ ጠላሁት። እሱ ግን ብድግ አለና ወደ ባልደረቦቹ ዞረ።

«አባቴ የጠወለገ ድንች እየነቀለ ሲያቃጥል ያየሁት ከአምስት ዓመት በፊት ነው፤ የጌታቸው ዘር ሳይመጣ። ድርቀት ነው አለኝ፤ አመንሁት። ከዚያው ማሳ ለሁላችሁም ዘር ሸጠናል። ጌታቸው በደል የለበትም።»

ይህን ብሎ ወጣ። ማሸነፌ ነበር፤ ግን ደስ አላለኝም። በዚያው ቀን አቶ ንጋቱ «ልጄ አይደለህም» ብለው ከቤት እንዳስወጡት ሰማሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጃችን ላይ ጫጫታ ሆነ። ምንይችል በሱፍ ልብሱ፣ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ትከሻው ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ ቆሟል። ከዩኒየኑ በር ጀምሮ በጭቃው ላይ ከተማው እያየው ነው የመጣው። ከኋላው የጽዋ ማኅበሩ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ጉድ በል ጎንደር» አለች ጎረቤታችን አማረች።

«ጋሼ ጌታቸው፣ ስምዎን ያጠፋነው እኛ ነን» አለ ምንይችል። «አባቴ አልመጣም አለ። ስለ እሱም ስለ እኔም ይቅር ይበሉን።»

አባቴ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልቅሶ አያውቅም። አሁን ዓይኑ ሞላ። «ይቅር ለእግዚአብሔር። አውርደው ልጄ» አለ።

ምንይችል አላወረደም። እኔን አየኝ። «አንቺስ?»

«ይከብዳል?»

«ይከብዳል።»

«አባቴ አራት ዓመት ተሸክሞታል።»

«አውቃለሁ። ቁም ካልሽኝ እቆማለሁ።»

ልለው ያሰብሁት ክፉ ቃል ብዙ ነበር። ድንጋዩ ከትከሻው ሲንሸራተት ሳይ አንዱም አልመጣልኝም። ሄጄ እጄን ከድንጋዩ ሥር አስገባሁ። ጣቶቻችን ተነካኩ፤ ለማውረድ ማናችንም አልቸኮልንም።

«ወይ አስቀምጡት፣ ወይ ይዛችሁት ግቡ» አለ አባቴ።

ይዘነው ገባን።