ትንንሾቹን ቃላት የሚዘለው አለቃ

ይህ ታሪክ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው፤ አንዲት ውሸት ቢገኝበት ምላሴ ይቆረጥ።

በአንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ሠራተኞቹ «ዲክሽነሪ» የሚሉት አለቃ ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ሲመጣ ሁሉም የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። እሱም ረጃጅሞቹን ቃላት እየመረጠ ያነባል፤ ‹ኤንድ›፣ ‹ኦር›፣ ‹በት› ሲያጋጥሙት ግን እንደ ኩሬ ዘሏቸው ያልፋል።

«እነዚህ ትንንሾቹስ ምን ይላሉ?» አለችው ባለቤቱ፤ እሷም እዚያው አጣቢ ናት።

«ማያያዣ ናቸው። ሰው ሸሚዝ ሲገዛ ቁልፉን ይቆጥራል እንዴ?»

«ለማንኛውም የእንግዳ መቀበያዋን ልጅ ብንጠይቃትስ?»

«ዲክሽነሪ ተብዬ? አታዋርጂኝ እንጂ።»

ያን ሰሞን ሁለት አዲስ ጀሪካኖች መጡ፤ አንዱ በረኪና፣ አንዱ የዝገት ማስለቀቂያ አሲድ። አለቃው ጀሪካኑ ላይ የተለጠፈውን መመሪያ አየት አድርጎ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ጻፈ፦ «ለአስቸጋሪ እድፍ በረኪና እና የዝገት ማስለቀቂያ።»

በማግስቱ እሱ እረፍት ነው፤ ባለቤቱ የከሰዓት ፈረቃ ገብታለች። ሴት ልጃቸው የቤት ሥራዋን ዘርግታለች።

«አባዬ፣ እዚህ ባዶ ቦታ ላይ ‹ኤንድ› ነው ‹ኦር›?»

«ደስ ያለሽን ክተቺ፤ ያው ናቸው።»

«እንዴት ያው ይሆናሉ? ‹ኤንድ› ሁለቱንም ነው፤ ‹ኦር› ከሁለቱ አንዱን። መምህራችን ‹ይህን ኪኒን ኦር ያንን ዋጥ› ሲባል ሁለቱንም የዋጠ ለፈተና አይደርስም ብለውናል።»

ሊስቅ አፉን ከፈተ። ወዲያው የጀሪካኑ ወረቀት ዓይኑ ላይ ድቅን አለ፤ በሁለቱ ስሞች መካከል ሁለት ፊደል ብቻ ያላት ቃል ነበረች።

ስልክ ደወለ። አይነሳም። ደግሞ ደወለ። ያ ክፍል መስኮት የለውም፤ በሩንም ዘግተው ነው የሚሠሩት። በነጠላ ጫማ ወጥቶ ሮጠ፤ ሲሮጥ ውሻ እንኳ መንገድ ለቀቀለት። በየመታጠፊያው አንድ ነገር ብቻ ይታየዋል፦ ሚስቱ ጽሑፉን ቃል በቃል አንብባ ሁለተኛውን ክዳን ስትከፍት።

ደረጃው ላይ ሲደርስ ሽታው አፍንጫውን እንደ ምላጭ ቆረጠው። በሩን በትከሻው በረገደው። በቢጫ ጭስ ውስጥ ባለቤቱ ዓይኗን ጨፍና፣ ተንበርክካ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰች በሩን ትፈልጋለች። ብብቷን ይዞ ጎትቶ አወጣት።

«እንደጻፍከው ነው ያደረግሁት» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር።

ሐኪም ቤት ገባች፤ በሦስተኛው ቀን ሳሉ ለቀቃት። አለቃው ያንን ጽሑፍ በገዛ ጥፍሩ ፋቀው። የእንግዳ መቀበያዋን ልጅ አጠገቡ አቁሞ፣ እየጠየቃት፣ «ወይም» የምትለውን ቃል ከሁሉም አስበልጦ ጻፋት። ከሥሯም «ሁለቱን እንዳትቀላቅሉ» ብሎ ጨመረ። አሁን ወረቀት በመጣ ቁጥር «ይቺን አላውቃትም፣ እንጠይቅ» ይላል፤ እስካሁን ማንም አልሳቀበትም።

ወገኖቼ፣ አለማወቅ ብቻውን ሰው አይገድልም፤ አውቃለሁ ባይነት ሲጨመርበት ነው።

ምላሴን አስይዤ ምያለሁና አንዲቷን ፈጠራዬን ልናዘዝ፦ ሳሉ በሦስተኛው ቀን አልለቀቃትም። ዛሬም ትስላለች። ባሳለች ቁጥር እሱ ሥራውን አቁሞ ቀና ይልና ግድግዳውን ያያል።